የሰው ቃል በሁለት ምልክት መካከል፤ የእንግሊዝኛ የጥቅስ ምልክት አጭር ታሪክ

ሰው የተናገረውን ቃል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ለሌላው ማድረስ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ እንደ ትልቅ አደራ የሚቈጠር ነገር ነው። መልእክተኛ የተላከበትን ቃል ቢለውጥ፥ ምስክርም የሰማውን ቢያጣምም፥ ጥፋቱ በተናጋሪውም በሰሚውም ላይ ይደርሳል። አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት የተነገረ ቃል የማይመለስ መሆኑን ሲያስረዱ ነው። እኛ ደግሞ ከአፍ የወጣው ቃል በወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ የማን እንደ ሆነ፥ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ ካልታወቀ ጕዳቱ የባሰ ነው እንላለን። ይህን ድንበር የሚያሳየው ታናሽ ምልክት በእንግሊዝኛ ኮቴሽን ማርክ ወይም ኢንቨርትድ ኮማስ ይባላል፤ በአማርኛም ትእምርተ ጥቅስ ይባላል።

የትምህርት ቤታችንን በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ ስለዚህ ምልክት ለመጻፍ ያሰብነው ያለ ምክንያት አይደለም። በእንግሊዝኛ ክፍል የሥርዓተ ነጥብ ትምህርት ሲሰጥ፥ ሕጎቹ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተራ በተራ ይጻፋሉ፤ ኮማው እዚህ ይግባ፥ ካፒታል ሌተሩ እዚያ ይሁን፥ ምልክቱ እዚህ ይከፈት፥ እዚያ ይዘጋ ይባላል። ብዙዎች ተማሪዎችም ሕጎቹ አንድ ሰው እንደ ፈቀደ የደነገጋቸው ስለሚመስሏቸው ለፈተና ያህል በቃላቸው ይይዟቸውና ወዲያው ይረሷቸዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሕግ የራሱ ዘመንና የራሱ ምክንያት አለው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሕጉን በቀላሉ አይረሳም ብለን ስለምናምን፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንተርካለን። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቻችንንም ወላጆቻችን ጭምር እንዲከታተሉን በራሳችን ፊደል ጽፈናቸዋል፤ የውጭ አገር ታሪክ ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

በጥንት ዘመን ግሪኮች፥ ከእነርሱም በኋላ ሮማውያን በአብዛኛው ቃልን ከቃል ሳይለዩ ፊደሉን ሁሉ አያይዘው ይጽፉ ነበር። አንባቢው ድምፁን አሰምቶ እያነበበ ቃሉን ከቃሉ፥ ተናጋሪውንም ከተናጋሪው የሚለየው በራሱ ዕውቀት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት፥ በእስክንድርያ የነበረው የታላቁ ቤተ መጻሕፍት አለቃ አሪስጣርኮስ የሆሜርን ግጥሞች ሲመረምር፥ ልብ ሊባል የሚገባውን መስመር ባገኘ ጊዜ በኅዳጉ ላይ እንደ ቀስት ጫፍ ያለ ምልክት ያደርግ ነበር። የምልክቱም ስም ዲፕሌ ነው፤ ትርጓሜውም ድርብ ማለት ነው። የዛሬው የጥቅስ ምልክት የዘር ግንዱ የሚቈጠረው ከዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ የክርስቲያን ጸሐፊዎች ያንኑ ዲፕሌ ወስደው ለሌላ ሥራ አዋሉት። አንድ መምህር በሚጽፈው መጽሐፍ ውስጥ ከቅዱሳት መጻሕፍት ቃል ቢያመጣ፥ የመምህሩ ቃል ከመጽሐፉ ቃል እንዳይቀላቀል ቃሉ ከሰፈረበት መስመር ትይዩ በኅዳጉ ላይ ምልክቱን ያደርጉ ነበር። በ636 ዓመት ያረፈው የሴቪል ጳጳስ ኢሲዶር የጽሕፈት ምልክቶችን በዘረዘረበት መጽሐፉ ውስጥ ይህን ልማድ መዝግቦልናል። እንግዲህ ምልክቱ በመጀመሪያው ጊዜ የተራ ሰው ንግግር ማመልከቻ አልነበረም፤ ሥልጣን ያለውን ቃል ከተራው ቃል መለያ ነበረ እንጂ። ለዚህም ነው ዛሬ እንኳ የሌላውን ቃል ያለ ምልክት የራስ አድርጎ መጻፍ እንደ ስርቆት የሚቈጠረው።

ከሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአየርላንድ መነኮሳት በላቲን ጽሕፈት ውስጥ በቃልና በቃል መካከል ባዶ ቦታ እየተዉ ይጽፉ ጀመር። በመካከለኛው ዘመንም አንዳንድ ጸሐፊዎች የተጠቀሰውን ቃል ከሥሩ በቀይ ቀለም ያሰምሩበት ነበር። የማተሚያ ጥበብ በአውሮፓ በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከተገኘ በኋላ፥ ዊልያም ካክስተን በ1476 ጥበቡን ወደ እንግሊዝ አገር አስገብቶ በዌስትሚንስተር ማተሚያ ቤት አቆመ። አታሚዎቹም በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት በእጅ ይጻፍ በነበረው ዲፕሌ ፈንታ በእጃቸው ያለውን የኮማ ፊደል ሁለት ሁለት እያደረጉ በገጹ ጠርዝ ላይ ይደረድሩ ጀመር።

በዚያ ዘመን በታተሙት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ እነዚህ ኮማዎች በብዙ ስፍራ የሚያመለክቱት ምክርና ተግሣጽ ያለበትን ቃል ነው። አንባቢው ምልክቱን ሲያይ «ይህ ሊያዝ የሚገባው ቃል ነው» ብሎ በማስታወሻ ደብተሩ ይገለብጠዋል። በ1603 በታተመው የሼክስፒር ሐምሌት የመጀመሪያ እትም ውስጥ አንድ አባት ልጁን ሲመክር የሚናገራቸው ቃላት እንደዚህ ባለ ምልክት ተለይተው ይታያሉ። ልብ በሉ፤ በዚሁ ተውኔት ሁሉም ሰው ይናገራል፥ ምልክት የተደረገለት ግን ምክሩ ብቻ ነው።

ታዲያ በዚያ ጊዜ የሰው ንግግር በምን ይታወቅ ነበር ቢሉ፥ በኮማና በካፒታል ሌተር ነው። በ1611 በንጉሥ ጄምስ ዘመን የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በውስጡ ብዙ ንግግር ሳለ አንድም የጥቅስ ምልክት የለውም። «አለ» ከሚለው ቃል በኋላ ኮማ ይደረጋል፥ የንግግሩም የመጀመሪያ ቃል በትልቅ ፊደል ይጀመራል፤ በቃ። ይህ አሠራር የንግግሩን መጀመሪያ ደኅና አድርጎ ያሳያል፤ ነገር ግን መጨረሻውን አያሳይም።

መጨረሻው አለመታየቱ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደ ሆነ በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ላይ ጌታችን ከኒቆዲሞስ ጋር የተነጋገረው ተጽፏል። ንግግሩ ሲጀመር በግልጽ ይታወቃል፤ ሲያበቃ ግን የጥንቱ የግሪክኛ ጽሑፍ ምልክት ስለሌለው በሊቃውንት መካከል ክርክር አስነሥቷል። አንዳንዶቹ የዘመኑ የእንግሊዝኛ እትሞች ጥቅሱን ቍጥር 15 ላይ ይዘጉታል፤ ሌሎቹም እስከ ቍጥር 21 ያደርሱታል። እንግዲህ በዓለም ሁሉ የታወቀው ቍጥር 16 የጌታችን የራሱ ንግግር ነው ወይስ የወንጌላዊው ማብራሪያ ነው የሚለው ጥያቄ፥ አሳታሚው ሁለቱን ታናናሽ ምልክቶች ከሚያስቀምጥበት ስፍራ ጋር የተያያዘ ሆነ። የ1611 ተርጓሚዎች እንዲህ ያለውን ፍርድ መስጠት አላስፈለጋቸውም ነበር፤ የዛሬው ተርጓሚ ግን ሳይፈርድ መጻፍ አይችልም።

በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር አዲስ ዓይነት ድርሰት ተስፋፋ፤ እርሱም ልብ ወለድ ታሪክ ነው። በዚህ ድርሰት ውስጥ ነጋዴውና ሠራተኛይቱ፥ መርከበኛውና ባላባቱ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። ዳንኤል ዴፎ በ1719 ሮቢንሰን ክሩሶን ባሳተመ ጊዜ ዛሬ የምናውቀው ሥርዓት ገና አልጸናም ነበር፤ ስለዚህ ክሩሶና ፍራይዴይ ከሚነጋገሩበት ስፍራ አንዱ እንደ ተውኔት የተናጋሪው ስም በፊት እየተጻፈ የቀረበ ነው። ሳሙኤል ሪቻርድሰንና ሄንሪ ፊልዲንግ በ1740ዎቹ ዓመታት ሲጽፉ ግን ንግግር እየበዛና እየፈጠነ ስለ ሄደ፥ «እኔም አልሁ፥ እርሱም አለ» እያሉ መደጋገሙ አንባቢውን የሚያሰለች ሆነ። የሪቻርድሰን ሥራው ራሱ ማተሚያ ቤት ስለ ነበረ፥ በምልክት ረገድ የፈለገውን ለመሞከር ሥልጣኑ በእጁ ነበር። በዚህ ጊዜ የጥቅሱ ምልክት ከገጹ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ መስመሩ ውስጥ ገባ፤ የጠቢባንን ምክር ብቻ ያመለክት የነበረው ምልክት የማንኛውም ሰው ንግግር አጥር ሆነ።

ኢንቨርትድ ኮማስ የሚባለው ስም የመጣውም ከማተሚያ ቤት ነው። አታሚው ለመክፈቻ የሚሆን የተለየ የብረት ፊደል ስላልነበረው ኮማውን ገልብጦ ከመስመሩ በላይ ያቆመው ነበር፤ ለመዝጊያ ደግሞ ሁለት አፖስትሮፍ ያደርጋል። ስለዚህ ስሙ የተገለበጡ ኮማዎች ማለት ነው። በመጀመሪያው ጊዜ የተገለበጡት ኮማዎች በጥቅሱ ውስጥ ባለው በእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ላይ ይደገሙ ነበር። ይህ ልማድ ከጊዜ በኋላ ቀርቶ በመጀመሪያና በመጨረሻ ብቻ ምልክት ማድረግ በቂ ሆነ።

ሕጉን ለትምህርት ቤት ካደረሱት መጻሕፍት መካከል በሰፊው የታወቀው የሊንድሊ መሬይ ሰዋስው ነው። መሬይ በአሜሪካ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ አጠገብ የተቀመጠ የሕግ ዐዋቂ ነበር። በ1795 መጽሐፉን ያዘጋጀው በዚያው ከተማ ለነበረ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነው። በዚያም መጽሐፍ ውስጥ ከተናጋሪ ወይም ከደራሲ በራሱ ቃል የተወሰደ ነገር ሲጻፍ በመጀመሪያው ሁለት የተገለበጡ ኮማዎች፥ በመጨረሻውም ሁለት ያልተገለበጡ ኮማዎች እንዲደረጉ ያስተምራል። ለአንድ ትምህርት ቤት የተጻፈው ይህ መጽሐፍ በእንግሊዝና በአሜሪካ እየተደጋገመ ታትሞ የብዙ ትውልድ መማሪያ ሆኗል።

አሁን እንግዲህ በክፍል የምንማራቸውን ሕጎች ከዚህ ታሪክ ጋር እናገናኛቸው።

አንደኛ፤ ከበደ ሴድ, “ዘ ቤል ሀዝ ራንግ.” ብለን ስንጽፍ፥ ትርጓሜው ከበደ «ደወሉ ተደውሏል» አለ ማለት ነው። ከሴድ በኋላ የምናደርገው ኮማና የንግግሩን መጀመሪያ የምንጽፍበት ካፒታል ሌተር የ1611 ሥርዓት ቅሬታዎች ናቸው። የጥቅሱ ምልክት በኋላ ቢመጣም፥ ቀድሞ የነበሩትን ሁለቱን አላባረራቸውም።

ሁለተኛ፤ “ዘ ቤል,” ሴድ ከበደ, “ሀዝ ራንግ.” ተብሎ ንግግሩ በመካከል ቢቋረጥ፥ የመጀመሪያው ክፍል ከኮማው ጋር ይዘጋል፥ ከስሙም በኋላ ሌላ ኮማ ይደረጋል፥ ሁለተኛው ክፍል ግን በትንሽ ፊደል ይጀመራል። ምክንያቱም ዐረፍተ ነገሩ አንድ ነው፤ ተናጋሪው አዲስ ነገር አልጀመረም፥ እኛ ነን በመካከል የገባንበት።

ሦስተኛ፤ የጥያቄ ምልክት የሚቀመጠው ጥያቄው የማን እንደ ሆነ ታይቶ ነው። አልማዝ አስክድ, “ሀዝ ዘ ቤል ራንግ?” ሲባል የጠየቀችው አልማዝ ስለ ሆነች ምልክቱ ከውስጥ ይሆናል። ዲድ ከበደ ሴይ, “ዘ ቤል ሀዝ ራንግ”? ሲባል ግን የምንጠይቀው እኛ ነን፤ ከበደ አልጠየቀም። ስለዚህ ምልክቱ ወደ ውጭ ይወጣል።

አራተኛ፤ ተናጋሪው በተለወጠ ቍጥር አዲስ አንቀጽ ይጀመራል። አንድ ሰው ብዙ አንቀጽ የሚሞላ ንግግር ቢናገር ግን፥ በእያንዳንዱ አንቀጽ መጀመሪያ የመክፈቻው ምልክት ይደገማል፥ መዝጊያው ግን በመጨረሻው አንቀጽ መጨረሻ ብቻ ይደረጋል። ይህ ሕግ ብዙ ተማሪዎችን ያስገርማል፤ የተከፈተ ነገር ሳይዘጋ እንዴት እንደ ገና ይከፈታል ይላሉ። ነገር ግን ቀድሞ ምልክቱ በየመስመሩ መጀመሪያ ይደገም እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው አይገረምም፤ የየመስመሩ ልማድ ሲቀር የየአንቀጹ ተርፎ ነውና።

አምስተኛ፤ እንግሊዞች በብዙ መጻሕፍት አንድ አንድ ምልክት ያደርጉና በጥቅስ ውስጥ ሌላ ጥቅስ ሲመጣ ድርቡን ይጠቀማሉ፤ አሜሪካውያን ግን ከድርቡ ጀምረው ነጠላውን በውስጥ ያደርጋሉ። እንደዚሁም አሜሪካውያን ኮማንና ፉል ስቶፕን ሁልጊዜ ከመዝጊያው ምልክት ውስጥ ያገባሉ። በእንግሊዝ አገር ግን ሁለቱ ወንድማማች የሰዋስው ሊቃውንት ፋውለሮች በ1906 ባሳተሙት መጽሐፍ ምልክቱ ሁሉ በትርጓሜው መሠረት በውስጥ ወይም በውጭ እንዲቀመጥ ተከራክረዋል። ስለዚህ ተማሪ ሆይ፥ ሁለት መጻሕፍት ቢለያዩብህ አንዱ ተሳስቷል ብለህ አትቸኵል፤ አንዱን ሥርዓት መርጠህ እስከ መጨረሻው ጽና።

ሌሎች ሕዝቦችም ለዚሁ ጉዳይ የየራሳቸው ዘዴ አላቸው። ፈረንሳዮች « » የመሰለውን ይጠቀማሉ፤ በንግግር መለዋወጫም ላይ ብዙ ጊዜ አግድም ሰረዝ ያደርጋሉ። የአየርላንዱ ደራሲ ጄምስ ጆይስም በእንግሊዝኛ እየጻፈ በ1922 በታተመው ዩሊሲስ በተባለው መጽሐፉ ውስጥ የተገለበጡትን ኮማዎች ትቶ በሰረዝ ጽፏል።

ወደ ራሳችን ቋንቋ ስንመለስ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። አውሮፓውያን ቃላትን አያይዘው በሚጽፉበት ዘመን የእኛ አባቶች በቃልና በቃል መካከል መለያ ያደርጉ ነበር፤ በአክሱም የድንጋይ ጽሕፈት ላይ የቆመ መስመር፥ በብራና ላይም ሁለት ነጥብ። የጥቅስ ምልክት ግን አልነበራቸውም፤ በ1513 በሮም ከተማ በፊደላችን የመጀመሪያው መጽሐፍ ሆኖ የታተመው መዝሙረ ዳዊትም የተዘጋጀው በዚያው በብራናው ልማድ ዘመን ነው። ምልክቱ ያላስፈለጋቸው ቋንቋው ራሱ አጥር ስላለው ነው። አማርኛ «እንዲህ ሲል» ብሎ ይከፍታል፥ «አለ» ወይም «ብሎ» ሲል ይዘጋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርትም መምህሩ ከመጽሐፍ ቃል አምጥቶ በመጨረሻው «እንዲል» ሲል፥ ጥቅሱ በዚያ እንዳበቃ ሰሚው ሁሉ ያውቃል። የዛሬው « » ከአውሮፓ የማተሚያ ልማድ ጋር የመጣ ነው። የሰጠነው ስም ግን የራሳችን ነው፤ ትእምርት በግእዝ ምልክት ማለት ነው፥ ጠቀሰ የሚለውም ቃል በዓይን ማመልከትንም የሌላውን ቃል ማንሣትንም ይይዛል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በእንግሊዝኛ የሚሰናከሉትም በዚሁ ምክንያት ይመስለናል። በአማርኛ «ከበደ እሄዳለሁ አለ» ብንል ሂያጁ ከበደ እንደ ሆነ የሚጠራጠር የለም። ይህንኑ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ወስደን ከበደ ሴድ አይ ዊል ጎ ብለን ያለ ምልክት ብንጽፍ ግን፥ አይ የሚለው ቃል ወደ ጸሐፊው ይመለስና ሂያጁ ከበደ መሆኑ ቀርቶ እኛ እንሆናለን። ወይ ምልክቱን አድርገን የከበደን ቃል እንዳለ መተው፥ ወይም አይ የሚለውን ወደ ሂ፥ ዊል የሚለውን ወደ ዉድ ለውጠን በራሳችን አፍ መናገር አለብን። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታ ነው።

አማርኛም ቢሆን ሁልጊዜ ከዚህ ችግር ነጻ አይደለም። «ከበደ ተማሪው መጽሐፌን ወሰደ አለ» ቢባል የጠፋው መጽሐፍ የከበደ ነው ወይስ የተራኪው? በቃል ሲነገር በድምፅ ይለያል፤ በወረቀት ላይ ግን የሚለየው ምልክቱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቃል በክስ ማመልከቻ ላይ ቢጻፍ ስለ ባለ ንብረቱ ማንነት ክርክር ሊያስነሣ እንደሚችል አንባቢያን ራሳቸው ይፍረዱ።

ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት የሚደርስ ለመሆኑ የአሜሪካ ታሪክ ምስክር ነው። በ1983 ዘ ኒው ዮርከር በተባለው መጽሔት ላይ ጃኔት ማልኮም የተባለች ጸሐፊ ስለ ጄፍሪ ማሶን የጻፈችው ወጣ። ማሶንም በጥቅስ ምልክት መካከል የተጻፉትን አንዳንዶቹን ቃላት እኔ አልተናገርኋቸውም ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1991 በተሰጠው ፍርድ፥ ዳኞቹ የጥቅስ ምልክት በመካከሉ ያለው ቃል የተናጋሪው የራሱ መሆኑን ለአንባቢ በተለምዶ እንደሚያስታውቅ ገለጹ። ጸሐፊ አንዳንድ ቃል መለወጡ ብቻውን ሐሰት አያሰኘውም፤ ዐውቆ ትርጓሜውን እስኪያዛባ ከለወጠው ግን ሊያስጠይቀው ይችላል አሉ። በ1994 ጉዳዩን ያዩት የሕዝብ ዳኞች ለጸሐፊዋ ቢፈርዱም፥ የምልክቱ ክብር በሕግ ፊት ታውቆ ቀርቷል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? የጥቅስ ምልክት የጽሕፈት ጌጥ አይደለም። በመጀመሪያ የሊቃውንት፥ ቀጥሎ የመጻሕፍት፥ በመጨረሻም የማንኛውም ሰው ቃል ክብር እንዲኖረው የተሠራ አጥር ነው። አጥሩን ስንከፍት «ከዚህ ጀምሮ የምትሰማው የእኔ ቃል አይደለም» ብለን ለአንባቢው እንናገራለን፤ ስንዘጋም «ከዚህ በኋላ ተጠያቂው እኔ ነኝ» እንላለን። ሳይዘጋ የተተወ ጥቅስ የራሳችንን አሳብ በሌላው አፍ ያስገባል፤ ሳይከፈት የቀረውም የሌላውን ድካም የእኛ ያስመስላል።

በዚህ በዓል ዓመት በየክፍሉ ያላችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ መምህር የእንግሊዝኛ ደብተራችሁን አርመው በመለሱላችሁ ጊዜ በቀይ ቀለም የተጨመሩትን ታናናሽ ምልክቶች ንቃችሁ አትለፏቸው። ማርክ የሚቀነስባቸው ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ የሚጠብቁት ግን የሰው ቃል ነው። ዛሬ በድርሰት የሰውን ቃል በትክክል ማጠር የለመደ ተማሪ፥ ነገ በጋዜጣም በፍርድ ቤትም በመሥሪያ ቤትም የታመነ ጸሐፊ ይሆናል።